ኡዶን ከመርዶ በፊት

አትላንታ ውስጥ ከታከር እስከ ስማይርና ለሚኖረው ሐበሻ፣ አገር ቤት ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለኤልፍነሽ ነበር። የሟቹ ልጅ ወይም እህት መጨረሻ ላይ ነው የሚሰሙት፤ ደንቡ ነው። ሥራውን በሹመት የሰጣት የለም። ዲቪ ደርሷት ከመጣች ጀምሮ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ክፉ ስልክ ስታነሳ፣ መኪናዋ ውስጥ ተደብቃ ስታለቅስ፣ ከዚያ ፊቷን ታጥባ የሰው ቤት ድስት ስትጥድ፣ ነገሩ ራሱ መጥቶ ትከሻዋ ላይ ተቀመጠ።

የእንጀራ ሥራዋ ታከር ውስጥ አረጋውያን መጦሪያ ነው። ፈረንጅ ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ታጎርሳለች። ባል አግብታ ነበር፤ እሱ ዳላስ ሄዶ በዚያው ቀረ። ልጅ አልወለደችም። “ታዲያ ለእኔ የሚያለቅስልኝ ማን ነው? ቀድሜ ለሰው ላልቅስ እንጂ” ትላለች፤ ስትለው ትስቃለች፤ የሚሰማት ግን አይስቅም።

የእሷ መርዶ አነጋገር የታወቀ ነበር። ሰው በባዶ ሆዱ መርዶ አይሰማም፤ ይህ ሕጓ ነው። በመጣች በሁለተኛው ዓመት ስማይርና የሚኖር አንድ ታክሲ ነጂ የእናቱን ሞት በጠዋት አርድተውት አራት ቀን እህል ሳይቀምስ ቆየ፤ ስኳሩ ወርዶ በአምቡላንስ ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ኤልፍነሽ ሐዘንተኛውን ሰበብ ፈጥራ ከቤት ታወጣዋለች፣ በደንብ ታበላዋለች፣ ስልኩንም እንዳያይ ታዘናጋዋለች። ዓለም ላይ ከስልክ የበለጠ የምትጠላው ነገር አልነበረም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ሳለ አንድ የማይረባ የአክስት ልጅ ፌስቡክ ላይ “ነፍስ ይማር” ብሎ ፎቶ ይለጥፋል። ወይም የጎረቤት ልጅ ደውሎ ያፈርጠዋል።

እኛ ደግሞ ሞትን በስሙ አንጠራም። የሞተውን “ትንሽ አሞታል” ብለን እንጀምራለን። ሲብስ “ደክሟል” እንላለን። “ስምሽን እየጠራ ነው” እንላለን፤ ሰውየው ግን ከተቀበረ ሦስት ቀኑ ነው። አዋቂ የሆነ ሰው ከድምፁ ይረዳል። ኤልፍነሽም አዋቂ ነበረች።

ፋናዬ የልብ ጓደኛዋ ናት። ቻምብሊ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካሉት አፓርትመንቶች በአንዱ ትኖራለች፤ ኤርፖርት መኪና ማቆሚያ ላይ ገንዘብ ተቀባይ ነች። ከኤልፍነሽ በስምንት ዓመት ታንሳለች፤ ቸርች ሲገቡ ግን ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት፤ መዝሙር ሲዘመር አንዷ ያለሌላዋ አታለቅስም።

ሁለቱ በወር አንዴ የሚሄዱበት ቦታ ነበራቸው። ከቡፎርድ ሀይዌይ ወደ ሰሜን ሲኬድ፣ ድሮ የቤት ዕቃ መደብር የነበረ ሰፊ ሕንፃ ውስጥ፣ ኮሪያውያን ያቋቋሙት የፍል ውሃ ቤት አለ። ምድር ቤቱ ገንዳና ሳውና ነው፤ ፎቁ ላይ አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ የሚያበስልባት ትንሽ ምግብ ቤት አለች። ፋናዬ የአዳማ ልጅ ናት። አባቷ አባባ ሳህሌ ቁርጥማት ስለነበረባቸው በየሁለት ሳምንቱ ሶደሬ ይወስዷት ነበር፤ ከዋና በፊት ፍል ውሃ ውስጥ መቀመጥ ነው የተማረችው። ስለዚህ የኮሪያውያኑን ቤት “ሶደሬ” አለችው፤ ስሙ በዚያው ጸና።

መጀመሪያ ቀን ኤልፍነሽ የውስጥ ልብሷን ሳታወልቅ ገንዳው ውስጥ ገባች። አንዲት ኮሪያዊት ባልቴት በጣቷ እየጠቆመች፣ እየጮኸች መጥታ አስወጣቻት። ሁሉም ሴት እንደተፈጠረ ነው የሚገባው። “እግዚኦ! በስተርጅና ራቁቴን አደባባይ ልቆም?” አለች ኤልፍነሽ። ፋናዬ ከሳቋ ብዛት የገንዳውን ውሃ ጠጣች።

እውነቱን ለመናገር ግን የሚያመላልሳቸው ከውሃው በኋላ ያለው ነገር ነው። ሰውነት ከሳውና ወጥቶ እንደ ተቀቀለ ድንች ሲላላ፣ ቤቱ የሚያድለውን ሰፊ ቁምጣና ካናቴራ ለብሰው ፎቅ ይወጣሉ። ምንጣፍ ላይ፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ዙሪያ እግራቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ በረዶ ያለበት የገብስ ሻይ ይቀርባል፤ ገብሱ ተቆልቶ ስለሚፈላ የቆሎ ሽታ አለው፤ አንዱን ብርጭቆ ሳይተነፍሱ ነው የሚጨርሱት። ከዚያ ኡዶን የሚባለው፣ የጣት ውፍረት ያለው ፓስታ በትኩስ መረቅ ይመጣል። ጥሬ ሳልመንም በጥቁር ሳህን ይመጣል። ጥሬ ሥጋ በቢላ እየቆረጥን ያደግን ሰዎች ጥሬ ዓሣ ስናይ ለምን እንደሚቀፈን እግዚአብሔር ይወቀው፤ እነሱም ሦስት ወር ፈጅቶባቸዋል። ዋሳቢ የሚባለውን አረንጓዴ ማባያ ግን ባፍንጫቸው ሲወጣ ጊዜ ወዲያው ወደዱት። “ይሄማ ሰናፍጭ ነው፤ ቀለም ቀብተውት ነው!” አለች ፋናዬ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አራት፣ በእነሱው ጸደይ፣ አንድ ሰኞ ማለዳ የኤልፍነሽ ስልክ ጠራ። የአገር ቤት ቁጥር ነው። የፋናዬ ወንድም ነጋሽ ነበር፤ ድምፁ ታፍኗል።

“እታለም፣ ፋናዬ ስልክ አታነሳልኝም። አባባ በጣም ደክሟል። ስሟን እየጠራ ነው። እባክሽ አንቺ አጠገቧ ሁኚ…” አለና ማልቀስ ጀመረ። መስመሩ ተቆረጠ።

ኤልፍነሽ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አባባ ሳህሌን በአካል አታውቃቸውም፤ በስልክ ግን ስንቴ መርቀዋታል። አለቀሰች። ፋናዬ እንዳልሰማች ታውቃለች፤ እሑድ አምሽታ ስለምትሠራ ሰኞ ጠዋት ስልኳን ድምፁን አጥፍታ ነው የምትተኛው። ከዚያ እንደ ደንቡ ለቸርቹ ሽማግሌ ለጋሽ ኃይለመስቀል ደወለች።

“አረፉ ማለት ነው” አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል፣ የተባለውን ቃል በቃል ከሰሙ በኋላ። “ላንቺ ደወለ፤ አለቀሰ፤ ‘አጠገቧ ሁኚ’ አለ። ከዚህ በላይ ምን ይበል?”

“ደውዬ ላጣራ እንዴ ጋሼ?”

“ምን ብለሽ? ‘ሞቱ ወይስ አልሞቱም’ ብለሽ? በሰው ሐዘን ላይ! ተይ እንጂ ልጄ፣ አሥራ ሰባት ዓመት የሠራሽውን ሥራ!”

አፈረች። ልክ ናቸው። ማን በቀጥታ ተናግሮ ያውቃል? መርዶው ሕዝቡ ከሥራ ሲወጣ፣ በፈረንጅ ሰዓት አምስት ተኩል ላይ፣ ፋናዬ ቤት እንዲሆን ተስማሙ። የቸርቻቸው ልጅ መሲ ምግቡን ታስተባብራለች፤ የአፓርትመንቱ ቁልፍ አላት። ኤልፍነሽ ደግሞ ፋናዬን እስከዚያ ድረስ ከስልክ ታርቃለች፣ ታበላለች። ይኸው ነው። ሺፍቷን በሰው ቀየረችና ወደ ቻምብሊ ነዳች።

“ዛሬ ኦፍ ሆንኩ፤ ተነሺ ሶደሬ እንሂድ” አለቻት በሩ ላይ።

“ገና ሁለት ሳምንቱ’ኮ ነው!”

“ወገቤን አሞኛል። አንቺ አትወጂም እንዴ?”

ፋናዬ ለመልበስ ጊዜ አልፈጀባትም። ስልኳን ሳታየው ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረች። አሮጌ ስልክ ነው፤ ባትሪው እንዳሻው የሚሞት። መኪና ውስጥ ገና ልታወጣው ስትል ኤልፍነሽ የቸርች ወሬ ጀመረችላት። ወሬ ደግሞ እግዜር ይይላትና ኤልፍነሽ ታውቅበታለች።

ሎከር ክፍል ሲደርሱ ፋናዬ ልብሷን አውልቃ፣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ “አንቺ ዝጊው፣ እኔ ልቀድም” ብላ ገባች። ኤልፍነሽ የፋናዬን ቦርሳ ወደ ሎከሩ ስታስገባ ከውስጥ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። ስልኩን አወጣችው። ስክሪኑ ላይ “አባባ” ይላል።

አንብባ ደገመችው። ከዚያ ወዲያው ተናደደች። በሟች ስልክ ይደውላሉ! የትኛው እንጭጭ ነው ይሄን የሚያደርገው? ፋናዬ ብታነሳው ኖሮ፣ ራቁቷን፣ በባዶ ሆዷ፣ የማታውቃቸው ሴቶች መሐል ልትሰማው ነበር። ቁልፉን ተጭና ስልኩን አጠፋችው። የራሷንም አጠፋች። ሎከሩን ዘጋችና “ጌታ ሆይ ተመስገን፣ በጊዜ ደረስኩ” ብላ ወደ ውሃው ሄደች።

ውሃው እንደ ወትሮው ነው። ፋናዬ እስከ አንገቷ ተዘፍቃ ዓይኗን ጨፍናለች። ኤልፍነሽ ጀርባዋን አሸችላት። ስታሻት ደግሞ ሆድ ባሳት፤ ይቺ ጀርባ ማታ መሬት ላይ ልትንከባለል ነው ብላ አሰበች፤ ፊቷን በፍል ውሃው ታጠበች፣ እንባውም አብሮ ሄደ። ሳውና ገቡ፣ ወጡ፣ ቀዝቃዛው ውስጥ ጮኸው ዘለሉ፣ እንደገና ሞቁ። ፋናዬ ትስቅ ነበር።

ከቀትር በኋላ፣ በፈረንጅ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ፎቅ ወጡ። ሰኞ ስለሆነ ምግብ ቤቱ ጭር ብሏል። ጃፓናዊው ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተው ሰላም አሏቸውና ሳይጠየቁ የገብስ ሻዩን አመጡ። ኤልፍነሽ ያለውን ሁሉ አዘዘች፤ ሁለት ኡዶን፣ ሳልመን፣ የአኩሪ አተር ሾርባ፣ በዱቄት ተነክሮ የተጠበሰ ስኳር ድንች።

“ምን ሆነሻል? ሎተሪ ደረሰሽ እንዴ?” አለች ፋናዬ።

“ብዪ ዝም ብለሽ። ከስተሻል።”

ፋናዬም በላች። ከቁምጣዋ ኪስ በፕላስቲክ የቋጠረችውን ሚጥሚጣ አውጥታ መረቁ ላይ በተነች፤ ሽማግሌው ከሩቅ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፓስታውን እየጠባች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ ስለ አባቷ አወራች። ኤልፍነሽ አላስጀመረቻትም፤ ራሷ ናት የጀመረችው።

“አባባን እኮ አምጥቼ እዚህ ውስጥ ብነክረው ጉልበቱ ይፈታ ነበር። የቪዛ ፕሮሰሱን ጀምሬያለሁ፤ ሎየሩ በሚቀጥለው ዓመት ይሆናል ብሎኛል። ይሄን ሳልመን ሲያይ ግን ይታይሽ! ‘እነዚህ ሰዎች እሳት ጠፋባቸው እንዴ’ ነው የሚለው።” ብቻዋን ሳቀች። “የገብሱን ሻይ ይወድልኛል። ገብስ ሲሸተው አይችልም እሱ።”

ኤልፍነሽ ጎንበስ ብላ ጎድጓዳ ሳህኗ ላይ አተኮረች። የሚያስቀይመው ነገር ደግሞ ምግቡ ጣፈጣት። ሰው ታለቅሳለች ብሎ ያስባል፤ እሷ ግን ከውሃ ወጥታለች፣ ርቧታል፣ መረቁ እስከ ጣቷ ጫፍ ይሞቃል፤ ጣፈጣት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሦስት ይላል። ፋናዬ ሁለተኛ ሻይ ጠየቀች። ኤልፍነሽ በልቧ እስካሁን ካበላኋቸው ሁሉ እንደዚች በደስታ የበላ የለም አለች፤ በዚህም ትንሽ ኩራት ተሰማት። ይህን ኩራት በኋላ ለማንም አልተናገረችውም።

ሲለባብሱ ፋናዬ ስልኳን አወጣች፣ ጥቁር ስክሪኑን አየች፣ “ይሄ ደሞ ሞቷል። ማታ ቻርጅ አላደረግኩትም መሰለኝ” ብላ መልሳ ወረወረችው። ኤልፍነሽ ዝም አለች። ዝም ማለቱ ቀላል ነበር።

ቻምብሊ ሲደርሱ የአፓርትመንቱ ፓርኪንግ ሞልቷል። ሐበሻ በራፉ ላይ የሚያውቃቸው መኪኖች ተደርድረው ሲያይ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ፋናዬ የመሲን መኪና አየች። የጋሽ ኃይለመስቀልን አየች። ቀበቶዋን ሳትፈታ በሩን ልትከፍት ታገለች።

“ኤልፊ፣ ማነው? ማነው በይኝ!”

ሴቶቹ ደርሰው ያዟትና ወደ ላይ ወሰዷት። ኤልፍነሽ ልትከተል ስትል ጋሽ ኃይለመስቀል ክንዷን ያዙ። ከንፈራቸው ደርቋል።

“ነጋሽ ስልክ ቁጥሬን ፈልጎ አግኝቶ አሁን ደወለ። ‘ሁለታችሁም ስልክ አጠፋችሁ’ ብሎ አለቀሰ” አሉ። “ያረፉት ዛሬ ነው። እዚህ ሦስት ሰዓት ገደማ።”

ኤልፍነሽ አልገባትም። “ጠዋት ሲደውልልኝ…”

“ጠዋት በሕይወት ነበሩ። እንደነገረሽ ነው፤ ደክመው ነበር። ስሟን ይጠሩ ነበር።” ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩ። “ለጸሎት ነው የተሰበሰብነው እንላለን። ሌላ ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። አሁን ማን ይጠቀማል?” ብለዋት ደረጃውን ወጡ። እሳቸው ያሰቡት ስለ መሰብሰቡ ብቻ ነው፤ ሎከር ክፍል ውስጥ የሆነውን አያውቁም። ጥቂት ቆይቶ ከላይ የፋናዬ ጩኸት ተሰማ።

ኤልፍነሽ መኪናው ላይ ተደገፈች። የበላችው ኡዶን ወጣ። እዚያው አስፋልቱ ላይ ጎንበስ ብላ አስመለሰች። “አባባ” የሚለው ስክሪን ከዓይኗ ሊጠፋ አልቻለም። እንጭጭ አልነበረም የደወለው። ራሳቸው ናቸው።

ላይ ስትወጣ መሲ የፋናዬን ስልክ ግድግዳው ላይ ሰክታው፣ ስልኩ በርቷል። አሥራ አንድ ጥሪ አለበት፤ አራቱ ከአባባ ነው። አንድ የድምፅ መልእክትም አለ። ፋናዬ መሬት ላይ እንደተቀመጠች እዚያ ባለው ሰው ሁሉ ፊት ከፈተችው። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ቀጥሎ የሽማግሌ ድምፅ፣ ከሩቅ የሚመጣ።

“ፋንዬ… ፋንዬ…” ከዚያ ለነጋሽ ይመስላል፣ “ሥራ ላይ ናት። ተዋት በቃ፣ አትጨቅጭቃት። የሰው አገር ሥራ ነው።”

“ሥራ ላይ አልነበርኩም አባባ!” ብላ ጮኸች ፋናዬ፤ ደረቷን መታች። “ሆዴን ስሞላ ነበር! ስስቅ ነበር! ይሄን ቆሻሻ ስልክ ቻርጅ ሳላደርግ!” ሴቶቹ እጇን ያዙ። ኤልፍነሽም ያዘቻት። እንደ ሁልጊዜው፣ ጀርባዋን ደግፋ፣ ከሁሉም አብልጣ አለቀሰች። የኤልፍነሽን ማልቀስ ያዩ ሁሉ “ከእህትማማች ይበልጣሉ” አሉ።

ልትነግራት አስባ ነበር፤ ይህ ይታወቅላት። በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሲበተን እነግራታለሁ አለች፤ ፋናዬ ግን ገና እህል አልቀመሰችም። ወር ሲሞላ አለች፤ ያኔ ፋናዬ እንቅልፍ የሚሰጥ ኪኒን ጀምራ ነበር። ገና ሲደርስ፣ ከገና በኋላ፣ ትንሽ ስትጠና። ለሌላው ሰው ሁሉ ቀን ስትቆርጥ ኖራ ለዚህኛው መርዶ ቀን ጠፋባት። በዚህ መሐል ከአገር ቤት ሲደወልላት አታነሳም። “ኤልፍነሽ ደከማት፤ ይገባታል” አለ ሕዝቡ፤ ስልኩ ወደ መሲ መዞር ጀመረ።

ዓመት ሊሞላ ሲል ፋናዬ ራሷ “ሶደሬ እንሂድ” አለቻት። እምቢ ልትል ምክንያት አጣች። ፋናዬ ገንዳው ውስጥ አልገባችም፤ ከስልኳ ተለይታ አንድ ሰዓት መቀመጥ አትችልም። ኤልፍነሽ ለብቻዋ ታጥባ ፎቅ ስትወጣ ፋናዬ ግድግዳው ሥር፣ መሰኪያው አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ይዛለች። ስልኩ ተሰክቷል። ቦርሳዋ ውስጥ ሌላ ሁለት ባትሪ አለ። የገብስ ሻዩ ቀርቧል፣ ኡዶኑም ቀርቧል፤ እንፋሎቱ ይወጣል።

“ኤልፊ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አለች ፋናዬ። “ያን ቀን ሎከሩን የዘጋሽው አንቺ ነሽ። ስልኬ ያኔ በርቶ ነበር እንዴ? አባባ በፈረንጅ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደውሎ ነበር፤ እኛ ደግሞ ያኔ ነው የገባነው። አላስታውስም። ሁልጊዜ እሱን ነው የማስበው።”

ኤልፍነሽ ቀና አለች። ፊት ለፊቷ ያለችው ሴት በአንድ ዓመት አርጅታለች። አሁን ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቀን አይመጣም። አፏን ከፈተች።

“አላየሁትም” አለች።

ፋናዬ ራሷን ነቀነቀች። “አውቃለሁ። ብታዪውማ ትጠሪኝ ነበር። አንቺን መጠየቄ ራሱ ነውር ነው፣ ይቅር በይኝ። ቻርጅ ያላደረግኩት እኔ ነኝ። እኔው ነኝ በናፍቆት የገደልኩት።” ዓይኗን በካናቴራዋ ጠረገችና ከራሷ ሳህን ላይ ሳልመኑን አንስታ የኤልፍነሽ ሳህን ላይ አደረገች። “ብዪ እንጂ። አንቺም ከስተሻል።”

ኤልፍነሽ በላች።